የወይዘሮ ግዌን ወንበር በላስ ቬጋስ

ከላስ ቬጋስ ከተመለስኩ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ቁማር ተጫወትሽ ወይ? አልተጫወትኩም። ቁማሩን ያየሁት መንገድ ጠፍቶኝ በመካከሉ ሳልፍ ነው። እኔ እዚያ ሄጄ ያየሁት የዌልስ ሰዎችን ዓመት ነው። ይህን ስናገር ጠያቂዎቼ ቅር ይላቸዋል፤ አንዳንዱም የአገሩ ስም የተሳሳተብኝ ይመስለዋል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ተቀመጥኩ።

ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ዌልስን በካርታ አውቃታለሁ፤ ከእንግሊዝ ወደ ምዕራብ ወጣ ያለች፣ ተራራማ፣ ዝናባም፣ የድንጋይ ከሰል የነበራት። ለፈተና የሚበቃው ይኸው ነበር። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንዲሉ፣ ከዚያ በላይ አስቤባት አላውቅም።

መነሻ

ከቤቴ የወጣሁት ቡሄ ካለፈ በኋላ ነው። የሰፈሩ ልጆች በሬ ላይ መሬቱን በዱላ እየደበደቡ ሆያ ሆዬ ሲሉ አምሽተው፣ ሙልሙላቸውን ተቀብለው ሄደዋል። ይህን ያነሳሁት ኋላ ስለምመለስበት ነው። ክረምቱ አልወጣም ነበርና ጋቢዬን እንደለበስኩ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ጋቢዬን እንደለበስኩ አውሮፕላን ተሳፈርኩ፤ ውቅያኖሱንም በእሱ ተሻገርኩ።

አሜሪካ መግቢያው ላይ ሻንጣዬን አስከፈቱኝና አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ ለወንድሜ የያዝኩትን በሶ አነሳ። ምንድን ነው አለኝ። የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው አልኩት። አሸተተው፤ ጓደኛውን ጠርቶ አሸተተው፤ ተመካክረው መለሱልኝ። እኛ አገር ቢሆን አንዱ ዘግኖ ይቀምስ ነበር።

ላስ ቬጋስ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሳይቀር የቁማር ማሽን ተደርድሯል። ሻንጣው እስኪመጣ እንኳ ሰው ዝም ብሎ እንዲቆም አልፈለጉም። ወንድሜ ጌታነህ ከማሽኖቹ መካከል ብቅ አለና አቅፎኝ ሲያበቃ፣ "እትዬ፣ ጋቢውን አውልቂው፣ ትታመሚያለሽ" አለኝ። አላወለቅኩም። ከበሩ ስንወጣ ግን የምድጃ አፍ የተከፈተብኝ መሰለኝና አወለቅኩት። ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ ወጥቶ መሞቅ ጸጋ ነው፤ እዚያ ሰው ፀሐይን እንደ ዝናብ ይሸሻል።

ጌታነህ ዲቪ ደርሶት ከሄደ ብዙ ጊዜው ነው። በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ውስጥ ይሠራል፤ የሚኖረው ዊንቸስተር በሚሉት ሰፈር፣ ባለ ሁለት ፎቅ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ሚስቱ ልጃቸው ሚልካ ገና ድክ ድክ ስትል አርፋለች። ሚልካ አሁን ኮሌጅ ትማራለች። በስልክ እንጂ በአካል አይቻት አላውቅም ነበር።

በሩ ሲከፈት ከሶፋው ብድግ ብላ "ኖር!" አለችኝ። አነጋገሯ የአሜሪካ ነው፤ አነሳሷ ግን የእኛ ቤት ነው። አባቷ አጥብቆ እንዳስተማራት ያስታውቃል። "በእግዜር" ብዬ አቀፍኳት። ከጎኗ አንዲት ነጭ አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው ለመነሳት ይታገሉ ነበር።

"ልጅቷ ስትነሳ ተነሳሁ" አሉ በእንግሊዝኛ። "ለምን እንደተነሳሁ ግን የሚነግረኝ እፈልጋለሁ።"

ሚልካ አስረዳቻቸው። ትልቅ ሰው ወይም እንግዳ ሲገባ የተቀመጠው ይነሳና ኖር ይላል። የገባው ደግሞ በእግዜር ይላል፤ ለእግዚአብሔር ብላችሁ ተቀመጡ እንደ ማለት ነው።

"እኛ መንደር የሚነሱት ለሰባኪው ብቻ ነበር" አሉ አሮጊቷ። "ለሰባኪው ሚስት እንኳ አይነሱም።" ከዚያ ቃሉን ደጋግመው ተለማመዱት። ኖር። ኖር። ከእኛ ልጅ ይልቅ የእሳቸው ይጠራል፤ በአገራቸው ቋንቋ ያችን የ‘ር’ ፊደል ያንከባልሏታል አሉ። ወይዘሮ ግዌን ማለት እሳቸው ናቸው።

ረቡዕ

ጠዋት ሚልካ "አክስቴ፣ እርስዎ አሁንም ታየርድ ነዎት? ኤግ ልጥበስልዎት?" አለችኝ። አማርኛዋ እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ ይጠብባታል፣ ግን አታወልቀውም።

ረቡዕ ጾም ነውና ዕንቁላሉን ተውኩት፤ ወደ ጎረቤት ሄድን። የወይዘሮ ግዌን ቤትና የወንድሜ ቤት የሚጋሩት አንድ ግድግዳ ነው። ጌታነህ የሌሊት ሺፍት ሲገባ ልጅቷን የሚጠብቋት እሳቸው ነበሩ። ኋላም አድጋ በራሷ አልጋ መተኛት ስትጀምር ከግድግዳው ወዲያ ሆነው በዌልሽ ይዘምሩላት ነበር። ልጅቷ ከአማርኛ በፊት ዌልሽ ሰምታ አደገች ማለት ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ቀናሁ፤ ቀጥሎ አመሰገንኩ።

የቤታቸውን ግማሽ የያዘው አንድ ወንበር ነው። ከኦክ እንጨት የተሠራ፣ የጠቆረ፣ ጀርባው ላይ ዘንዶና ባሮ ሽንኩርት የተቀረጸበት። አያታቸው ሰሜን ዌልስ ውስጥ ለቤት ጣሪያ የሚሆን ጥቁር ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኛ ነበሩ። ሠራተኞቹ ምሳቸውን የሚበሉባት ጎጆ ነበረቻቸው፤ እዚያ ውስጥ ሰብሳቢ መርጠው ይከራከራሉ፣ ግጥም ይወዳደራሉ፣ ይዘምራሉ። የእኛን ዕድር አሰብኩ፤ ልዩነቱ እኛ ስብሰባ ላይ የሚገጥም ሰው ቢነሳ መቀጫ እንጥልበታለን። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት አያትየው የጸሎት ቤታቸውን የግጥም ውድድር አሸነፉና ይህን ወንበር ተሸለሙ። በዚያ አገር ለገጣሚ የሚሰጠው ዋናው ሽልማት ወንበር ነው። ደሃ ቤት ውስጥ አንድ የንጉሥ የሚመስል ዕቃ ካዩ፣ እሱ ነው።

"ከእሳቸው ሌላ ማንም አልተቀመጠበትም" አሉኝ ወይዘሮ ግዌን። "ልጅ ሆኜ አንዴ ልወጣበት ስል እናቴ በእንጨት ማንኪያ መታችኝ። ከዚያ ወዲህ ማጽዳት ብቻ ነው የኔ ሥራ።"

"እርስዎ አንድም ቀን?"

"አንድም ቀን። ግጥም አልጽፍማ።"

እዚያ ከተማ ያለው የዌልስ ሰዎች ማኅበር በየዓመቱ ጉባኤ ያደርጋል፤ ጉባኤውንም ይኸው ወንበር ተውሶ ይሄዳል። የግጥሙን ውድድር ያሸነፈ ለሥነ ሥርዓቱ ይቀመጥበትና ወንበሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ችግሩ ዳኞቹ ናቸው። የሚገባው ከሌለ ለማንም አይሰጡም፤ ወንበሩን መዋስ ከጀመሩ ወዲህም በየዓመቱ የሚገባው የለም እያሉ ባዶውን መልሰውታል። ዘንድሮ ግን የመጨረሻው ነው። ወይዘሮ ግዌን ከጉባኤው በኋላ ወደ ልጃቸው፣ ሩቅ ወዳለ ግዛት ይሄዳሉ፤ ወንበሩም ሙዚየም ይገባል።

"ሙዚየሙ በገመድ ሳያጥረው በፊት ሰው ሲቀመጥበት ልየው" አሉ። "ማየት ስል፣ ዓይኔ ጥላ ጥላውን ብቻ ነው የሚለየው። መስማት ይበቃኛል። ሰው ሲቀመጥበት እንጨቱ ይጮኻል። አያቴ በተቀመጡ ቁጥር ከማጀት እንሰማው ነበር።"

ሚልካ መሬት መሬቱን ታያለች። ያኔ አልገባኝም።

ሐሙስ

ጉባኤው ፓራዳይዝ በሚሉት ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። የዘንድሮው መርሐ ግብር ከመቶ ዓመት በፊት የነበረውን የድንጋይ ፈላጮቹን መንደር አንድ ዓመት በአራት ቀን ማሳየት ነው፤ ከክረምት ተነስቶ በበጋው የግጥም ውድድር ያልቃል። ውጭው እሳት ነው፤ ውስጡ በማቀዝቀዣው ምክንያት ደብረ ብርሃን ነው። ጋቢዬን መልሼ ለበስኩ።

የመጀመሪያው ጠብ በሰይፍ ተነሳ። ለሥነ ሥርዓቱ አንድ ትልቅ ሰይፍ ያስፈልጋቸዋል፤ የሆቴሉ ጥበቃዎች ደግሞ ሰይፍ አናስገባም አሉ። እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ አንድ ሰውዬ ጋራዡ ውስጥ ከጣውላ ቀርጾ፣ ብር ቀለም ቀብቶ አመጣ። እንዳገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ።

ምሽት ላይ የፈረስ የራስ ቅል መጣ። በእንጨት ላይ ተሰክቶ፣ ነጭ አንሶላና ባለ ቀለም ጥብጣብ ለብሶ፣ መንጋጋው እየተንኳኳ። ተሸካሚው አንሶላው ውስጥ ነው። ማሪ ልዊድ ይሉታል። በገና ሰሞን በየቤቱ እየዞሩ በር ያንኳኩና በግጥም አስገቡን ይላሉ፤ ከውስጥ ያለው በግጥም አናስገባም ይላል፤ ግጥም ያለቀበት ይሸነፋል። ከውጭ ያሉት ካሸነፉ ገብተው ይበላሉ። እኔ ከሆያ ሆዬ ልጆች አምልጬ መጥቼ፣ ሽበታም ሆያ ሆዬ ጠበቀኝ። በአዳራሹ በር ላይ ሲገጣጠሙ የሆቴሉ እንግዶች መጠጣቸውን እንደያዙ ቆመው ፎቶ ያነሳሉ።

"ይህ የደቡቦቹ ነው" አሉ ወይዘሮ ግዌን ፊታቸውን አጥቁረው። "እኛ ሰሜኖቹ የሞተ ፈረስ ይዘን ሰው ቤት አንሄድም።"

ደስ አለኝ። የመንዝና የጎጃም ሰው ጎን ለጎን ያስቀመጠ ይህን ያውቃል።

ዓርብ

ዓርብ አዲስ ዓመታቸውና ጸደያቸው ሆነ። ልጆች ሦስት እንጨት እንደ እግር የተሰካበት ፖም ይዘው በየጠረጴዛው እየዘመሩ ሳንቲም ይቀበላሉ። ፖሙ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ቅጠል ተሰክቷል። የእኛ ልጆች ለእንቁጣጣሽ በወረቀት ላይ አበባ ስለው በየቤቱ እንደሚዞሩት ነው፤ ሥዕሉን ሰጥተው ቆመው የሚያዩህ አስተያየትም ያው ነው። አንዱ ልጅ የሰጠሁትን አገላብጦ አየና አመሰገነኝ።

ለምሳ በባሮ ሽንኩርት የተቀቀለ የበግ ሥጋ ሾርባ ቀረበ። ቀኑ ዓርብ ነው፤ አልበላሁም። የቆረስኩትን ዳቦ ይዤ ቁጭ ብል ሾርባውን የሠራችው ሴት አየችኝና መጣች። ቅር ያላት መሰለኝ፤ ስለ ጾሙ አስረዳኋት። ሥጋ ብቻ ነው? ቅቤም። ወተትም? ወተትም። ዕንቁላል? ዕንቁላልም። ሾርባውን አንስታ ሄደች። አዳራሹ ተበልቶ ካበቃ በኋላ አንድ ሳህን የድንችና የባሮ ሽንኩርት ሾርባ ይዛ ተመለሰች፤ ከሆቴሉ ወጥ ቤት ምድጃ ለምና ለብቻዬ የሠራችው ነው።

"በውኃ ብቻ ነው" አለችኝ። "አያቴ ብትሰማ ከመቃብር ትነሳለች፤ ያለ ቅቤ ሠርታ አታውቅም።"

እውነት ለመናገር ጨው አንሶት ነበር። እስከ ጠብታው ጠጣሁት። ከዚያ ጉዞ የትኛው ምግብ ጣፈጠሽ ቢሉኝ እሱን ነው የምለው።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ተዘመረ። የዌልስ ሰው በመዝሙር አይቀልድም። በድንጋይ ፈላጮቹ ዘመን ትልልቆቹ ሰዎች ሳይቀሩ ሰንበት ትምህርት ቤት ይማሩ፣ ዜማውንም በእጅ ምልክት ያጠኑ ነበር አሉኝ። አዳራሹ ለአራት ተከፍሏል፤ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴቶች አንድ ጎን፣ ወፍራሞቹ ሌላ ጎን፣ ወንዶቹም እንደዚሁ። እኔ ይህን ሳላውቅ ባዶ ቦታ አየሁና ከወፍራም ድምፅ ወንዶች መካከል ተቀመጥኩ። መዝሙሩ ሲነሳ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። እኛ ስንዘምር ሁላችንም በአንድ ዜማ እንሄዳለን፤ እነሱ አራት መንገድ ይዘው አንድ ቦታ ይደርሳሉ። በግራዬ ያለው ሽማግሌ ልነሳ ስል እጁን በትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ መጽሐፉን ወደ እኔ አስጠግቶ በጣቱ መስመሩን እያሳየኝ ዘመረ። አንድ ቃል አላነበብኩም፤ ግን ጣቱን ተከተልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሚልካ ወደ ጎን ወሰደችኝ።

"አክስቴ፣ ሲክሬት አለኝ። ለአባዬ አይንገሩ።"

"ምን ሆንሽ?"

"ግጥሙን፣ ለወንበሩ፣ ሰብሚት አድርጌያለሁ። በእንግሊዝኛ ነው፣ መጨረሻው ግን ዌልሽ ነው። ለግዌንም አልነገርኩም። ዳኞቹ የሚገባው የለም ካሉ እሷ ዲሳፖይንትድ ትሆናለች፤ በእኔ እንዲሆን አልፈልግም።"

"ስለምን ጻፍሽ?"

"ስለ እሷ መንደር ዓመት። በግድግዳው በኩል ስትዘምረው የሰማሁት።"

አባቷ ለምን እንዳይሰማ እንደፈለገች ማታ በራት ሰዓት ገባኝ። ጌታነህ ስለ ውድድሩ ሲነሳ፣ ዳኞቹ ከትልልቆቹ ገጣሚዎች አንድ ካጡ ከሌላ የት ያገኛሉ ብሎ፣ "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" አለ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ እንዲያው ተረቱ አፉ ላይ ስለመጣ ነው። ሚልካ ሳህኗን አንስታ ወደ ማጠቢያው ሄደች።

እሑድ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሚልካ ወይዘሮ ግዌንንና ወንበሩን ይዛ በማለዳ ሄዳለች። ጌታነህ ሺፍቱን ከጓደኛው ጋር ቢቀያየርም አርፍዶ ወጣ፤ እኔም ነጭ ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ስጠብቀው ሰዓቱ ሄደ።

"እትዬ፣ እዚህ ፓርክ ላድርግና በካዚኖው በኩል እናቋርጣለን፤ ሾርትካት ነው" አለኝ። አቋራጭ የሚባል ነገር ካዚኖ ውስጥ የለም። ሰው እንዳይወጣ አድርገው ነው የሠሩት፤ መስኮት የለው፣ ሰዓት የለው። በማሽኖቹ መካከል ዞረን ዞረን አንዲት መቁጠሪያ የያዘች የፈረንጅ አሮጊት ዘንድ ተመልሰን እንደርሳለን። ነጠላዬ የአንዱ ወንበር እግር ውስጥ ገብቶ ያዘኝ። በመጨረሻ መጥረጊያ የያዘች የአገራችን ልጅ ከሩቅ ነጠላዬን አይታ መጣች። "እማማ፣ የት ነው የሚሄዱት?" አለችና ሥራዋን ትታ እስከ አዳራሹ በር ሸኘችን። ስሟን ሳልጠይቃት ተመለሰች።

አዳራሹ ጨለምለም ብሏል፤ ሰው ሞልቷል። ሚልካ ለእኔ የያዘችውን ቦታ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ መጥቶባት ለቃለታለች። እኔ ስደርስ ብድግ አለች። "ኖር" አለች በሹክሹክታ።

"በእግዜር፣ ተቀመጪ ልጄ።"

"አይ፣ እርስዎ ይቀመጡ።"

"አይሆንም፣ አልደከመኝም።"

"አክስቴ፣ በሞቴ።"

እንደ ወጉ እምቢ እምቢ ብዬ ተቀመጥኩ። እሷ ከአስተናጋጆቹ ጋር ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ጌታነህ በሩ ላይ ቀረ።

መድረኩ ላይ ባዶው ወንበር አለ። ከጎኑ ወይዘሮ ግዌን አሸናፊው የሚለብሰውን ሐምራዊ ካባ ታቅፈው በትንሽ መቀመጫ ላይ አሉ። አንድ ረጅም ዳኛ ተነስቶ የእያንዳንዱን ግጥም ጉድለት በሰው ፊት አነበበ፤ ጸሐፊዎቹ ሁሉ የሚታወቁት በብዕር ስም ብቻ ነው። ይሄኛው ቃል ያበዛል፣ ያኛው ያላየውን ያወራል። ያለ ርኅራኄ ነው የሚያርመው፤ እንደ መምህር ወደድኩት። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈና ዘንድሮ ግን የሚገባው አለ አለ። አዳራሹ በአንድነት ሲተነፍስ ተሰማኝ። ወይዘሮ ግዌን ካባውን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

ሕጉ እንዲህ ነው። የብዕር ስሙ ይጠራል፤ ቀንድ ይነፋል፤ አሸናፊው ካለበት ይነሳል። አይናገርም፣ እጅ አያወጣም፤ ከተቀመጠው ሕዝብ መካከል ብድግ ይላል፤ መብራቱ ያገኘዋል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ማንም ካልተነሳ አሸናፊው የለም ተብሎ ወንበሩ ባዶውን ይመለሳል።

"‘ከግድግዳው ወዲያ’ በሚል ስም የጻፈው፣ እርሱ ብቻ፣ ይነሳ።"

ቀንዱ ተነፋ። መብራቱ በተቀመጠው ሰው ላይ ዞረ። ማንም አልተነሳም። ሁለተኛ ተጠራ። ሰው አንገቱን እያዞረ ይተያያል። ወይዘሮ ግዌን ቀስ ብለው አንገታቸውን ደፉ።

እኔ ዞሬ ኋላዬን አየሁ። ሚልካ ከአስተናጋጆቹ መካከል እጇን እስከ ደረቷ አንስታ፣ ከዚያ በላይ ማንሳት አቅቷት ቆማለች። መልሱን እያወቀ የሚፈራ ተማሪ እጁ እዚያ ላይ ነው የሚቆመው፤ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ። ኋላ ስጠይቃት፣ "ቆሜ ነበራ፣ እንዴት ልነሳ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ተቀምጣ መነሳት አለባት፤ መቀመጫዋ ደግሞ እኔ ጋ ነው። ቦታዋን ልመልስላት ብዬ ተነሳሁ።

መብራቱ ነጩ ቀሚሴ ላይ አረፈ። ቀንዱ ተነፋ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ካባ የለበሱ ሁለት ሴቶች መጥተው ክንዴን ያዙ። "እኔ አይደለሁም" አልኩ፣ በአማርኛ። እንግሊዝኛው ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ከበሩ ጌታነህ "እትዬ!" ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። መተላለፊያው መሀል ስንደርስ ቋንቋው ተመለሰልኝና፣ "እኔ አይደለሁም፣ የተነሳሁት ለልጅቷ ነው" አልኳቸው።

"አሸናፊ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው" አለችኝ አንደኛዋ፣ እጄን እያሻሸች።

መድረኩ ላይ ሲያደርሱኝ ወይዘሮ ግዌን ካባውን ሊያለብሱኝ እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው ነጠላዬን ነካ፤ ጥለቱን ዳሰሱት።

"አንቺ ነሽ እንዴ? ግጥም ትጽፊያለሽ?"

"አልጽፍም። ሚልካ ናት" አልኳቸው። "መቀመጫዋን ለእኔ ለቃ ቆማ ነበር። የቆመ ሰው እንዴት ይነሳል?"

መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠ። "የኔዋ ሚልካ?" አሉ። "ከግድግዳው ወዲያ። እንዴት አላወቅኩም?"

ዳኛው ጎንበስ ብሎ ሰማን፤ ቀና ብሎ ለሕዝቡ ተናገረ። መብራቱ ግድግዳውን ዳብሶ ሚልካን አገኛት። እያለቀሰች መጣች። እኔ ወርጄ ወንድሜ አጠገብ ቆምኩ።

"ልጅ ያቦካው ምን አልክ?" አልኩት።

"ተይኝ እትዬ" አለኝ። እንባው አገጩ ላይ ደርሷል፤ አልጠረገውም። እኔም ኮራሁ፤ በጣም ኮራሁ።

የጣውላው ሰይፍ መጣ። ከሰገባው በግማሽ ብቻ ይመዘዛል፤ ሰላም ነው ወይ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፤ ሕዝቡ ሰላም ነው ይላል። ሰይፉ ተመለሰ። ካባው ሚልካ ትከሻ ላይ ወደቀ። ዳኛው ወደ ወንበሩ እያመለከተ ተቀመጪ አላት።

አልተቀመጠችም። ወይዘሮ ግዌን ከዘራቸውን ተደግፈው ከወንበሩ አጠገብ ቆመዋል።

"እሷ ቆማ እኔ አልቀመጥም" አለች ሚልካ። "በእኛ ቤት እንደዚያ አይደረግም።"

"በዚህ ወንበር የሚቀመጠው ያሸነፈ ነው" አለ ዳኛው በዝግታ።

"ሕጉን አውቀዋለሁ" አሉ ወይዘሮ ግዌን። "ስወለውለው ነው የኖርኩት። ተቀመጪ ልጄ።"

"መጀመሪያ አንቺ።"

"አይሆንም።"

"ግዌን፣ በሞቴ" አለች ሚልካ፣ ይችኑ በአማርኛ።

አሮጊቷ ቃሉን አያውቁትም። ግን እንደ እኛ ሰው አንዴ እምቢ አሉ፣ ሁለቴ እምቢ አሉ፤ በሦስተኛው ክንዳቸውን ሰጧት። ዳኛው ፈቀቅ አለ። ሲቀመጡ እንጨቱ ጮኸ፤ በሩ ላይ ሆነን ሰማነው። ሁለት እጃቸውን በመደገፊያው ላይ አደረጉና በጣታቸው ጠርዙን እስከ ጫፍ ዳሰሱት፤ ከዚያ ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ፣ አያታቸው ያሳርፉበት ወደነበረው ቦታ አስደገፉ።

ብዙ አልቆዩም። ከዘራቸውን ተከሉ፤ ሊያግዟቸው የመጡትን በእጃቸው መለሱ። ብቻቸውን ተነሱ። ወደ ሚልካ ዞሩና ያችን ፊደል አጥርተው፣

"ኖር" አሏት።

"በእግዜር" አለች ልጅቷ፤ ተቀመጠችም። እንጨቱ እንደገና ጮኸ።